ለአስታ አምባ የተመታ ደወል

በእነ ወዳጆ አገር ዶሮ ጮኸ ብሎ የሚነሣ የለም፤ ወዳጆ መታ ብሎ ነው የሚነሣው። የሚካኤል ደወል መቺ እሱ ነው። ደወል ስንል መቼም ለክብሩ ያህል ነው እንጂ ነገርየው የአሮጌ ጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ከቀየት ከተማ በላይ መንገድ ዳር ዝጎ የተጣለውን የሰበካው ሰው እንደ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ አመጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ጽድ ላይ በሰንሰለት ሰቀለው። መምቻው አንድ ወፍራም ብሎን ነው። ወዳጆ በዚያች ብሎን ሁለቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ እያደረገ ይመታል። ደወሉን በፊቱ «ቸርኬ» ብሎ የጠራ ሰው እስከሚቀጥለው ወር ሚካኤል ድረስ የወዳጆን ሰላምታ አያገኝም።

ይኼ ሁሉ ክብር ታዲያ ከወንዙ ወዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ አስታ አምባ በሚባለው መንደር፣ ታላቅ እኅቱ እስከዳር አለች። ከእናታቸው ሆድ የወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናትየው ገበያ ስትውል ወዳጆን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እስከዳር ናት፤ አሁንም ቢሆን አንዳንዴ ስታየው ልታዝለው የሚቃጣት ትመስላለች። ወይም ትመስል ነበር። ወንዙን ወዲህ ከተሻገረች ሁለት ዓመት ሆኗታላ።

ነገሩ የተነሣው በእናታቸው ተዝካር ነው። እስከዳር ጠላውን ጠምቃ፣ በአህያ አስጭና፣ ያንን ገደል ወርዳና ወጥታ አመጣች። ወዳጆ አንድ ጣሳ ቀመሰና፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ «እትዬ፣ ይኼን ጠላ ለመሆኑ ገብስ አይቶት ያውቃል?» አለ። ሰው ሳቀ። እስከዳርም ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ጋኖቿን አጥባ፣ አህያዋን ጭና፣ ወንዙን ተሻገረች። ያን ጊዜ እንደተሻገረች ቀረች።

በመጀመሪያው ዓመት የኅዳር ሚካኤል ንግሥ ላይ አልመጣችም። በሁለተኛውም አልመጣችም። ወዳጆ ሽማግሌ ላከ፤ ቄስ መርስዔ ኃዘን ራሳቸው ከሁለት አዛውንት ጋር ገደሉን ወረዱ። እስከዳር እግራቸውን አጥባ፣ ጥሩ አድርጋ አብልታ፣ አጠጥታ፣ «ምን ጠብ አለን፣ አባቴ? ወንድሜ አይደለም እንዴ! ደወሉ አልሰማ ብሎኝ ነው እንጂ። ደወል ሳልሰማ እንዴት ብዬ ልምጣ?» አለቻቸው።

ቄስ መርስዔ ኃዘን ሆዳቸው ሞልቶ፣ እጃቸው ባዶውን ተመለሱ። «ወዳጆ» አሉት፣ «ጠብ ያለውን ሰው እናስታርቃለን። ጠብ የለኝም የሚልን ሰው በምን እናስታርቀው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ገልበጥ አድርጎ ያየው ነበር። ወዳጆ ግን ቃልን እንደተነገረ የሚወስድ ሰው ነው፤ «እግዜር ይስጥህ» ቢሉት «መቼ?» ብሎ ለመጠየቅ ትንሽ ነው የሚቀረው። ደወሉ አልሰማ ካላት ደወሉ ሊሰማት ይገባል። አለቀ።

«ሂድና እግሯ ላይ ውደቅ» አለችው ሚስቱ አረጋሽ፤ ዘንድሮም ኅዳር ሚካኤል ሳምንት ሲቀረው።

«ምን አጠፋሁ ብዬ? ጠብ የለንም ብላለች እኮ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ድምፁን ላጎላው ነዋ።»

አረጋሽ የምትለቅመውን ምስር ትታ ለአፍታ አየችውና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ምስር ይሻላል፤ ድንጋዩ ተለይቶ ይወጣል።

ወዳጆ ቀጥ ብሎ የሄደው ድንጋይ ጠራቢው በኃይሉ ዘንድ ነው። በመንዝ ቤት የሚሠራው በድንጋይ ስለሆነ የድንጋይ ጠራቢ ቤት መዶሻ አይታጣበትም። በኃይሉ ያሉትን ሦስት መዶሻዎች ደጁ ላይ ደረደራቸው። አንዷ ለጥርብ ማስተካከያ የምትሆን፣ ጭንቅላቷ ከድንች የማይበልጥ ትንሽ። ሁለተኛው ድንጋይ መጥረቢያው፣ መካከለኛው። ሦስተኛው ቋጥኝ መፍለጫው ነው፤ ይኼን በኃይሉ እንደ ጌታ ፈረስ ስም አውጥቶለታል፦ አባ ፍልጥ።

«ሙያተኛ ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁ» አለ ወዳጆ። «የቱ ነው አጥብቆ የሚመታው?»

«ይኼ ጥያቄ ነው? አባ ፍልጥ ነዋ! ትንሿን መዶሻ አንተ ነህ የምትመታባት። አባ ፍልጥን ግን ማንሣት ብቻ ነው ያንተ ሥራ፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይመታል።»

«ቀጭን አለንጋም እኮ ያቃጥላል።»

«ታዲያ በአለንጋ ቋጥኝ ፈልጠህ ታውቃለህ?»

ክርክሩ በአፍ አላልቅ አለ። ለግድግዳ መምረጊያ የተቦካ ጭቃ አጠገባቸው ነበርና በዚያ እንፈትን ተባባሉ። በኃይሉ ሦስቱንም በየተራ ከወገቡ ትይዩ እየለቀቀ ጭቃው ላይ ጣላቸው። የትንሿ ጉድጓድ ጣት የሚያስገባ ጠለቅ ያለ ሆነ። መካከለኛው ያን ያህል አልጠለቀም። አባ ፍልጥ ደግሞ ጭቃውን እንደ ቂጣ ጠፍጥፎት፣ ግማሹን በወዳጆ ሱሪ ላይ አድርጎት አረፈ።

«አላልኩህም?» አለ ወዳጆ፣ ጣቱን ትንሿ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ። «ትንሿ በለጠች።»

«አፏ ቀጭን ስለሆነ ነው የጠለቀች! መርፌስ ይጠልቅ የለም እንዴ? ሱሪህን እየው፤ ጉልበት ማለት ያ ነው።»

«ሱሪዬ አስታ አምባ ይሰማል?»

ጭቃ ዳኛ እንደማይሆን ሁለቱም ተስማሙ። ዳኛው አስታ አምባ ራሱ ነው። ወዳጆ ስልኩን አውጥቶ የእስከዳር ባል ፈንታ ጋ ደወለ። ፈንታ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ በሁለቱ ኩርፊያ መካከል እንደ በር መቃን ቆሞ የኖረ ሰው።

«አያ ፈንታ፣ እትዬ አጠገብህ አለች?»

«ጓሮ ናት። ምነው?»

«እንዳትነግራት። የበዓሉ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁም። ደወል እመታለሁ። ከተሰማህ ጋቢህን አውለብልብ።»

«ኧረ ይሰማኛል፣ ወዳጆ። ሁልጊዜም ይሰ…»

«አይ፣ በጆሮህ ነው የምልህ፤ በአፍህ አይደለም!» ብሎ ዘጋው። ፈንታ ያንን ዐረፍተ ነገር ቢጨርስ ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ግን የወዳጆን ስልክ ሂሳብ ለመቆጠብ ሲባል ብዙ ነገር ሳይነገር ይቀራል።

ዋዜማው ደረሰ። ቄስ መርስዔ ኃዘን ለንግሡ ጧፍ ሊገዙ ቀየት ወርደዋል። ሰዉ ገብስ አጨዳ ላይ ነው። ወዳጆና በኃይሉ ጽዱ ሥር ቆመው ማዶውን ሲያዩ፣ ፈንታ እንደተባለው አፋፉ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ቆሟል።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ አላስታወሱትምና። በዚያ አገር ደወል ከቅዳሴና ከማኅሌት ሰዓት ውጪ ከተመታ ነገሩ አንድ ነው፦ ሰው ሞቷል። በጠራራ ፀሐይ ደወል የሰማ ወንድ ዶማና አካፋውን፣ ሴት ነጠላዋን ይዛ ትነሣለች እንጂ «የመዶሻ ፈተና ይሆናል» ብሎ የሚያስብ የለም። ሁለቱ ጎልማሶች ይኼን ከእናት ጡት ጋር ጠብተውታል። ያን ቀን ግን ራሳቸው ውስጥ መዶሻ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረበትም።

መጀመሪያ ወዳጆ ትንሿን አነሣ፤ የወትሮውን አመታት ረስቶ ሦስቱንም እኩል መታ። ቅው፣ ቅው፣ ቅው! ቸርኬው በጠባብ ድምፅ ጮኸ። ወዲያው ማዶ ነጩ ነጥብ ተውለበለበ።

«ሰማ!» አለ ወዳጆ፣ እየዘለለ።

በኃይሉ አላማረውም። «በትንሿማ ከሰማ በብሎንህም ይሰማ ነበር ማለት ነው።»

ወዳጆ ይኼን ትንሽ አሰበበት። ሐሳቡ ወደ አንድ ቦታ ሊወስደው ሲል ግን አስቆመው። «ፈንታ አፋፍ ላይ ነው የቆመው። እትዬ ቤት ውስጥ ናት። ዕድሜዋም ሄዷል፤ ጆሮዋ ደክሞ ይሆናል። ለእሷ ከበድ ያለ ይሻላል።»

ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ቆሎ ቆርጠም እያደረጉ፣ ስለ እስከዳር ጆሮና ስለ አባ ፍልጥ ጉልበት ሲከራከሩ ቆዩ። ከፈንታ ኋላ አንድ ሌላ ነጥብ ብቅ አለና አፋፉን አልፎ ቁልቁለቱን በሩጫ ያዘው።

«ያቺ ማን ናት?» አለ በኃይሉ።

«በግ ጠፍቷት ይሆናላ።»

ፈንታ አሁንም ጋቢውን ያውለበልባል። እንደ ቅድሙ ግን አይደለም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ሆኗል። «ተው! ተው!» ማለቱ ነበር። ወዳጆ ግን «ጨምር፣ ጨምር እያለ ነው» ብሎ ተረጎመውና መካከለኛውን መዶሻ አነሣ። ድው! ድው! ድው! ድምፁ ገብሱን አልፎ፣ የታችኛውን መንደር አልፎ ሄደ።

ቆሎው ሳያልቅ ከታች እሪታ ተሰማ። አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ፣ ከእነሱ ኋላ የእድሩ ዳኛ አፈወርቅ አካፋ ተሸክመው፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። «ወዳጆን! ወዳጆን!» ይላሉ።

ወዳጆ መዶሻውን ጣለና በድንጋጤ ወደ ጋሽ አፈወርቅ ሮጠ። «ምነው፣ ጋሽ አፈወርቅ? ማን ሞተ?»

ጋሽ አፈወርቅ አካፋቸውን መሬት ላይ ተከሉት። ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ» አሉ።

«እኔ?»

«አንተ ነሃ! አመታቱ ያንተ አይደለም። ሌላ እጅ ነው። ወዳጆ ካልመታ ወዳጆ ሞቷል ብለን መጣን። ጉድጓዱን የት እንደምንቆፍር ሳይቀር ተስማምተን ነው የመጣን!»

ይኼኔ ከወዳጆ ኋላ በኃይሉ አባ ፍልጥን አንሥቶ ነበር። በኃይሉ ከሰው ጋር ነገር የለውም፤ ሙያውን የሚያሳይበት ተራ ነው የደረሰው። «ዘወር በሉ» አለና ከትከሻው በላይ አዙሮ አወረደው።

ድምፁን ቀየት ገበያ ያለ ሰው ሰምቷል ይባላል። ቄስ መርስዔ ኃዘን ጧፋቸውን እንዳቀፉ መንገድ መጀመራቸው እርግጥ ነው። ጽዱ ሥር ግን ድምፁን ያዳመጠ አልነበረም፤ የዛገው ሰንሰለት በመጀመሪያው ምት ተበጠሰና ቸርኬው መሬት ወረደ። ወረደና አልተኛም። እንደ ድሮው፣ መኪና ላይ እንደነበረ ጊዜ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ደጀ ሰላሙን በርጋታ አለፈና ቁልቁለቱን ጀመረ።

«ደወሌን!» አለ ወዳጆ፣ ከኋላው እየሮጠ።

ቸርኬው የገብስ ነዶ መሐል ለመሐል ሰነጠቀ፤ በጎች እንደ ተበተነ ጥጥ ሆኑ። ገደሉ አፋፍ ሲደርስ ወዳጆ ቁልቁል አየ። ወንዙ ዳር፣ ወዲህ ሊሻገር ድንጋይ ላይ የረገጠ ሰው አለ። ያንን አረማመድ በጀርባዋ ሆኖ ነው ያወቀው።

ከዚያ ወዲያ ደወሉንም፣ መዶሻውንም፣ ንግሡንም ረሳ። «እትዬ! ዘወር በዪ! እትዬ!» እያለ በቂጡም በእግሩም ቁልቁል ወረደ። ቸርኬው ከሱ ቀድሞ ከአንድ ቋጥኝ ላይ ነጠረ፣ አየር ላይ አንዴ ተገለበጠ፣ ከእስከዳር በስተግራ ባለው ጥልቅ የወንዝ ባሕር ላይ ውሃውን እስከ ሰማይ ረጭቶ ተሻገረና በማዶው ዳር ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ ቆመ።

እስከዳር እስከ አናቷ ድረስ ረጥባ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ወዳጆ ሲደርስ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ትንፋሹ አልቋል። እስከዳር ተነሣች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው። ቀጥላ ትከሻውን በጥፊ መታችው።

«ሞተሃል ብዬ!» አለች። «ሞተሃል ብዬ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳልገለብጥ!»

«በየቱ ነው የሰማሽው፣ እትዬ? በመካከለኛው ነው?»

«ምን መካከለኛው? ያን ጠባቡን እንደሰማሁ ነዋ የተነሣሁ! ሁለቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ የማይል ደወል ከሚካኤል ሰምቼ አላውቅም። ወንድሜ ቢሞት ነው እንጂ ይኼን የባዕድ እጅ ማን ያስመታዋል ብዬ…» እንባዋን በእርጥቡ ነጠላ ጠረገችው፤ ይብስ ረጠበች።

ወዳጆ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ከፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ልክ ጨለማ ቤት ውስጥ መብራት ይዞ ከክፍል ክፍል እንደሚሄድ ሰው።

«እንግዲያ ይሰማሽ ነበር ማለት ነው።»

«ለምን አይሰማኝም? ደንቆሮ ነኝ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«በየዕለቱ። ጉንፋን ይዞህ የደከምክ ቀን ሳይቀር ዐውቃለሁ፤ ሦስተኛውን ትተዋለህ።»

ወዳጆ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ያ ጠላ…» ሲል፣ «ተወው፣ ተወው» አለችው። «ቀጭን ነበር። ያን ዓመት ገብሱን ውርጭ መቶት ነበራ። ግን አንተ ነህ የምትለኝ? ሌላው ቢለኝ እስቅ ነበር።»

«ስቀሽ ነበር እኮ።»

«ወዳጆ!»

«እሺ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ይኼን ሁለት ዓመት አስቦ ያላገኘውን ቃል፣ ጭቃ እንደለበሰ፣ ያለ ምንም መዶሻ ተናገረው።

ሰዉ በሙሉ ወንዙ ዳር ሲደርስ ሁለቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው። ሴቶቹ ያመጡትን ልቅሶ የሚያደርጉበት ስላጡ ትንሽ አለቀሱና ተሳሳቁ። ቄስ መርስዔ ኃዘን ከገበያ መንገድ ሲደርሱ ግን ያን ያህል የሳቅ ፊት አልነበራቸውም። ጧፉን ለጋሽ አፈወርቅ አስይዘው ጭቃ ውስጥ የተተከለውን ቸርኬ በመስቀላቸው ጠቆሙት።

«ነገ ንግሥ ነው። ደወል የለንም። ይኼን ብረት አሁን አውጡልኝ።»

ወንዶቹ ጠፍር አሰሩበት፣ አካፋቸውንም ከሥሩ አስገብተው ከጭቃው ፈለቀቁት። ወዲህኛው ገደል ግን ባዶ እጁን ለሚወጣ ሰው እንኳ ጭንቅ ነው፤ የዚያን ያህል ብረት በዚያ አይወጣም። የጭነት መንገድ ያለው በአስታ አምባ በኩል፣ ወደ ወፍጮው በሚወስደው ነው። ፈንታ በቅሎውን ይዞ ወረደ። ሲመሽ ቸርኬው የእስከዳር ደጅ ደረሰ። ከዚያ ዞሮ በመኪና መንገድ ወደ ሚካኤል ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል።

«እንግዲያ ነገ ማለዳ ከዚሁ ይመታል» ብለው ፈረዱ ቄሱ። «መቺውም እዚሁ ያድራል። በኃይሉ መዶሻ የሚባል ነገር ይዞ እንዳይሻገር።»

ስለዚህ ወዳጆ እኅቱ ቤት አደረ። ሁለት ዓመት ያልተወራው ሁሉ በአንድ እራት አላልቅ ብሎ መደቡ ላይ ተኝተውም ቀጠለ፤ ፈንታ «ነገም ቀን ነው» እያለ ቢለምናቸውም አልሰሙትም።

ጎሕ ሲቀድ ወዳጆ ተነሥቶ ቸርኬውን ከፈንታ የበረት ምሰሶ ላይ አንጠለጠለው። እጁን ዘረጋ። ምንም የለም። መዶሻዎቹም፣ ብሎኗም ማዶ፣ ጽዱ ሥር ናቸው።

«እትዬ! የሚመታ ነገር አለ?»

እስከዳር ከማጀት ወጣች። የበርበሬ መውቀጫ ዘነዘና ይዛለች፤ ሰኞ ገበያ የተሠራ፣ ክንድ የሚያህል የብረት ዘነዘና። ወዳጆ በእጁ መዘነው። ከትንሿ ይከብዳል፣ ከአባ ፍልጥ ይቀላል። በኃይሉ ቢኖር ኖሮ ሌላ የሚከራከርበት ነገር ባገኘ።

ሁለቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርጎ መታ።

«ጠበቅ አድርገው እንጂ!» አለችው እስከዳር፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «አረጋሽን እኮ ነው የምታነቃው፤ እሷን ደግሞ ዐውቃታለሁ።»

አጥብቆ መታ። ማዶው ጨለማ ነው። ቆየ ቆየና ሚካኤል አጠገብ አንድ የእጅ ባትሪ በራ። ሌላ ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ የሰዉ መብራት ከየቤቱ እየወጣ ዳገቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያዘ። ወዳጆ ደወሉ ሰውን ሲያስነሣ ከሩቅ አይቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚመጣለትን እንጂ የሚነሣለትን አያይም። ዘነዘናውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«በቃ፣ እንሂድ፤ ታቦቱ ሳይወጣ» አለች እስከዳር። ፈንታ በግ ጎትቶ ቀድሟቸው ወርዷል። እስከዳር ግን ዘነዘናውን ከወንድሟ እጅ ተቀብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ከዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው።

«ይኼ ምን ያደርግልሻል?»

«የአረጋሽ ዘነዘና እንጨት ነው። ድልኹን ሁልጊዜ ታሻክረዋለች» አለችና ቁልቁለቱን ከፊቱ ቀደመችው። «እንግዳ ሲመጣ እንኳ እንደ ሰው ይበላ።»